ምን የት ይደር?

መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው ትርጉም ነው። ጠዋት ላፕቶፕ ላይ ይጽፋሉ፣ ታክሲ ውስጥ በስልካቸው ያርማሉ፣ ማታ ታብሌታቸውን ይዘው ያነባሉ። ባለሙያዋ የእኅታቸው ልጅ ናት፤ በአንድ ባንክ የመረጃ ደኅንነት ክፍል ትሠራለች። የሚከተለው አዲስ አበባ ውስጥ፣ በመምህሩ ቤት፣ የእሑድ ምሳ ከተነሣ በኋላ የተነጋገሩት ነው።

መምህሩ፦ በቀጥታ ልጠይቅሽ። ታብሌቱ ላይ የጀመርኩትን ምዕራፍ ስልኬ ላይ መቀጠል እፈልጋለሁ። ማስታወሻዬን ላፕቶፑ ላይ ባገኘው ደስ ይለኛል። ያነሣሁት ፎቶ የትም ብሆን ቢከተለኝ እወዳለሁ። ስልኩ ይህን ሁሉ ሳልለምነው ያደርግልኛል። አንቺ ግን በመጣሽ ቁጥር «ይህን ያጥፉ፣ ያንን ይዝጉ» ትይኛለሽ። ከምቾትና ከደኅንነት የግድ አንዱን መምረጥ አለብኝ?

ባለሙያዋ፦ የለብዎትም ጋሼ። ምርጫው እንደዚያ ከቀረበለት ሰው ሁሌም ምቾቱን ይመርጣል፤ እኔም አልፈርድበትም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ነገር የት የት ድረስ ነው የሚከተልዎት? ስንት መሣሪያ አለዎት?

መምህሩ፦ ሦስት። ስልክ፣ ታብሌት፣ ላፕቶፕ።

ባለሙያዋ፦ የቤቱ ሕፃን ጌም የሚጫወትበት አሮጌው ስልክስ?

መምህሩ፦ እሱ ደግሞ ምን ስልክ ይባላል! ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ሲም ካርድም የለው።

ባለሙያዋ፦ ዋይፋይ ግን አለው። የጎግል አካውንትዎም ከውስጡ አልወጣም። ቅድም ሕፃኑ ሲያሳየኝ አይቼዋለሁ፤ ትናንት ያነሡት የመታወቂያና የባንክ ደብተር ፎቶ እዚያም አለ። ሕፃኑ እንዳይቸገር ተብሎ የስክሪኑ መቆለፊያ ጠፍቷል። አንድሮይዱ የደኅንነት ማሻሻያ ካገኘ ዓመታት አልፈዋል። መሣሪያዎችዎ አራት ናቸው ማለት ነው፤ ፎቶዎችዎም የሚጠበቁት አራተኛው በሚጠበቀው ልክ ነው።

መምህሩ፦ ይህ እኮ የእኔ ቤት ነው። እኔ ሚኒስትር አይደለሁ፣ ትልቅ ነጋዴ አይደለሁ። ማን ለእኔ ፎቶ ብሎ ይደክማል?

ባለሙያዋ፦ ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ይህንኑ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች የደረሰባቸውን ልንገርዎት። ኦክታ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አለ። የሌሎች ድርጅቶች ሠራተኞች ወደ ሥራ ሲስተማቸው ሲገቡ ማንነታቸውን የሚያረጋግጠው እሱ ነው፤ እንጀራው ራሱ ደኅንነት ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሴፕቴምበር 28 እስከ ኦክቶበር 17 ድረስ አንድ ሰርጎ ገብ የደንበኞች ድጋፍ ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ የ134 ደንበኞችን ፋይሎች አየ። እንዴት እንደገባ ሲመረመር ምን ተገኘ መሰለዎት? አንድ ሠራተኛ ኩባንያው በሰጠው ላፕቶፕ ላይ፣ በክሮም፣ በግል የጎግል አካውንቱ ገብቶ ነበር። የሲስተሙ ዩዘርኔምና ፓስወርድ እዚያው የግል አካውንቱ ውስጥ ተቀምጧል። ኩባንያው እንዳለው፣ ምስጢሩ ወጥቶ ሊሆን የሚችለው የሠራተኛው የግል አካውንት ወይም የግል መሣሪያው ስለተጠለፈ ነው።

መምህሩ፦ ማለትሽ «ፓስወርዱን ላስቀምጥልህ?» ብሎ የሚጠይቀው ነገር?

ባለሙያዋ፦ እሱው። እርስዎም እኔም ሳናነብ «እሺ» የምንለው። የቢሮው ላፕቶፕ አልተሰበረም። ፓስወርዱ ግን በሲንክ፣ መሣሪያዎችን በሚያመሳስለው፣ ተሳፍሮ፣ ማንም ሳይሸኘው፣ የቢሮው ጥበቃ ወደማይደርስበት ቦታ ሄደ። ላስትፓስም የደረሰበት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ላስትፓስ ሥራው ፓስወርድ ማስቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የደንበኞቹ ፓስወርዶች የተመሠጠሩበት ባክአፕ ተሰረቀ። ወደዚያ ባክአፕ የሚያደርሱት ቁልፎች የነበሩት አራት መሐንዲሶች እጅ ብቻ ነው። ሌቦቹ ከአራቱ ወደ አንዱ የቤት ኮምፒውተር ሄዱ። እዚያ ፊልምና ሙዚቃ ለማጫወት የተጫነ ሶፍትዌር ነበር፤ ክፍተት ነበረበት፣ አልታደሰም። በእሱ ገብተው የሚጻፈውን ፊደል ሁሉ የሚቀዳ ፕሮግራም ጫኑበትና መሐንዲሱ ዋናውን ፓስወርድ ሲጽፍ ወሰዱት።

መምህሩ፦ እንግዲያው ባለፈው ዓመት ስልኬ ላይ የጫንሽልኝን የፓስወርድ ማስቀመጫ አጥፋው ልትይኝ ነው?

ባለሙያዋ፦ በጭራሽ! እኔም ያለ እሱ አልሠራም። እሱ ከሌለ ሰው የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ አንድ ፓስወርድ ይይዝና ለኢሜይሉም፣ ለፌስቡኩም፣ ለሁሉም እሱኑ ይሰጣል። ከላስትፓስ የተሰረቀውም ቢሆን ፓስወርዱ በግልጽ የተጻፈበት ወረቀት አይደለም፤ በየደንበኛው ዋና ፓስወርድ የተመሠጠረ ነው። ረጅም ዋና ፓስወርድ የነበረው ሰው የተሻለ መከላከያ ነበረው፤ አጭርና በቀላሉ የሚገመት የነበረው ተጋለጠ። ከሁለቱ ታሪኮች እኔ የያዝኩት ይህን ነው፤ ነገሮቻችንን ከመቆለፋችን በፊት እያንዳንዱ የት የት መድረስ እንዳለበት መወሰን አለብን። ሲንክ ሲበራ ይህን ውሳኔ ለስልኩ እንተውለታለን፤ ስልኩ ደግሞ የሚያውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው፣ «ሁሉም የትም» የሚል።

መምህሩ፦ እኔ ግን የምፈራው ሌላ ነው። ሁለት ዓመት የደከምኩበት ትርጉም አንድ ቀን ላፕቶፑ ተበላሽቶ ቢጠፋብኝ ምን እሆናለሁ? መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ልቤ ይሰቀላል። አንቺ «አሳንስ፣ ቀንስ» ስትይኝ እኔ «አብዛ፣ አባዛ» ይለኛል።

ባለሙያዋ፦ ልክ ነዎት፤ ብዙ ጊዜ የእኛ ሙያ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ፍርሃት አለ። አንዱ እንዳይጠፋብኝ፣ ሌላው እንዳይታይብኝ። የእርስዎ ትርጉም የትኛው ይበልጥ ያሰጋዋል?

መምህሩ፦ መጥፋቱ። ቢታይማ ነገ ታትሞ ሊሸጥ አይደል!

ባለሙያዋ፦ ስለዚህ ይባዛ። ላፕቶፑ ላይ፣ ክላውድ ላይ፣ መሳቢያ ውስጥ በሚቀመጥ ሃርድ ዲስክም ላይ ይኑር፤ በየሳምንቱ ለእኔም ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል። የመታወቂያው ፎቶስ?

መምህሩ፦ እሱ ቢጠፋ መታወቂያው ራሱ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እንደገና አነሣዋለሁ።

ባለሙያዋ፦ መታየቱ ነው የሚያሰጋው። ስለዚህ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጥ፤ አራት መሣሪያ ላይ የሚዞርበት ምክንያት የለም። ወደ ቀድሞው ጥያቄዎ ልመለስ፤ ማን ለእኔ ብሎ ይደክማል ላሉት። የመጨረሻውን መጽሐፍዎን ረቂቅ የት ነው ፕሪንት ያስደረጉት?

መምህሩ፦ መንገድ ዳር ካለው ፕሪንት ቤት። በቴሌግራም ልኬለት ነው ልጁ ያወጣልኝ።

ባለሙያዋ፦ ቤቱን አውቀዋለሁ። መስታወቱ ላይ የቴሌግራም ስሙ በማርከር ተጽፏል። ደንበኛው እዚያው ቆሞ ይልካል፣ ልጁ ዳውንሎድ ያደርጋል፣ ፕሪንተሩ ይንጫጫል፣ ሂሳብ ተከፍሎ ይወጣል። ፋይሉ ግን አይወጣም። ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ሌላ ፎልደር አለ፤ አንድ ቀን የራሴን ፋይል ሲፈልግልኝ ልጁ ዝርዝሩን ወደ ታች ሲያወርድ ሲያወርድ አየሁት። ፓስፖርት፣ ዲግሪ፣ የትዳር ሰርተፍኬት፣ የቤት ሽያጭ ውል፣ የሐኪም ማስረጃ፤ የማላውቃቸው ሰዎች ጉርድ ፎቶ እየተከታተለ አለፈ። ልጁ ክፉ አይደለም። ማጥፋት ሥራው እንደሆነ የነገረው ስለሌለ ነው። በዚያ ወንበር ላይ ነገ ማን እንደሚቀመጥ ግን እሱም አያውቅም። ለእርስዎ ብሎ የሚደክም ሰው ላይኖር ይችላል፤ እንዲህ ተከማችቶ ሲገኝ ግን መድከም አያስፈልገውም።

መምህሩ፦ ታዲያ በፍላሽ ልውሰድለት?

ባለሙያዋ፦ ፍላሹ ከዚያ ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ያገኙት ቀን ትዝ አይልዎትም?

መምህሩ፦ ትዝ ይለኛል። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ባለሙያዋ፦ ስለዚህ ቴሌግራሙን አልከለክልዎትም። የሚያስፈልገውን ገጽ ብቻ ይላኩ። ካወጣልዎት በኋላ መልእክቱን ሲያጠፉ ለእሱም እንዲጠፋ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። ግን ያ ቻቱን ነው የሚያጸዳው፣ የወረደውን ቅጂ አይነካውም። ስለዚህ «ወንድሜ፣ ከፎልደሩም አጥፋልኝ» ብለው ቆመው ያስጠፉት። ጨዋ ልጅ ነው፣ አይከፋውም። አንድ ነገር ብቻ በፍጹም አያድርጉ፤ የራስዎን ቴሌግራም በእሱ ኮምፒውተር ላይ አይክፈቱ። ከፍተው ረስተው ከሄዱ የእርስዎ ቻት በሙሉ እዚያ ተከፍቶ ይቀራል። ሴቲንግ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ይንኩ፤ አካውንትዎ ተከፍቶ ያለበት መሣሪያ ሁሉ ይዘረዘራል። የማያውቁት ካለ እዚያው ይዘጉታል።

መምህሩ፦ ይኸው ከፈትኩት። ስልኬ፣ ታብሌቴ፣ ላፕቶፑ… ይህ ደግሞ አሮጌው ስልክ ነው መሰለኝ።

ባለሙያዋ፦ ነው። ይዝጉት። ቀጥሎ አሮጌውን ስልክ ከጎግል አካውንትዎ እናስወጣውና ለሕፃኑ ሌላ ባዶ አካውንት እንከፍትለታለን። ጌሙ አይቀርበትም።

መምህሩ፦ ግን ቴሌግራም ራሱ እንዴት ነው? አዲስ ስልክ በገዛሁ ቁጥር የድሮው ወሬ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ዋትስአፕ ግን ባክአፕ ካላደረግሁ ባዶውን ነው የሚከፈተው።

ባለሙያዋ፦ ተራው የቴሌግራም ቻት የሚቀመጠው የኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ነው፤ የትም ቢገቡ ያገኙታል። ኩባንያውም የሚከፍትበት ቁልፍ አለው ማለት ነው። ሲክሬት ቻት የሚባለው ግን በሁለቱ ሰዎች መሣሪያ ላይ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ስልኩ ከጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል፣ ላፕቶፕም ላይ አይከተልዎትም። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሁሉንም ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሠጥራል። ለዚያ የከፈለው ዋጋ ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ለመክፈት ስልኩ በርቶ ኢንተርኔት ማግኘት ነበረበት። ባትሪው ካለቀ ኮምፒውተሩም ዝም ይላል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ግን ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቁልፍ ተሰጠውና ስልኩ ቢጠፋም እስከ አራት ሌሎች መሣሪያዎች ለብቻቸው ይሠራሉ፤ ስልኩን ከ14 ቀን በላይ ካልተጠቀሙበት ነው የሚወጡት። ይህን የማነሣው እርስዎ መጀመሪያ ላይ ስለጠየቁኝ ነው። ምስጢርና ምቾት የግድ ጠላቶች ቢሆኑ ኖሮ ይህ አይሠራም ነበር። መሐንዲሶች ተጨንቀውበት ተሠራ።

መምህሩ፦ ይህን ስትይ ደስ አለኝ። እኔ ሁሌ «ለደኅንነት ሲባል ተቸገር» የሚሉ ሰዎች ሰነፍ ይመስሉኛል።

ባለሙያዋ፦ የእርስዎ ሙያ ሰው ነው ቀድሞ ያለው። ኦጉስት ኬርክሆፍስ ይባላል፤ ኔዘርላንድ ተወልዶ ፓሪስ ውስጥ ቋንቋ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ጦር ሠራዊት ምስጢራዊ ጽሑፍ ሲጽፍ ጥሩ የምሥጠራ ዘዴ ሊያሟላቸው የሚገቡ ስድስት ነገሮችን አስቀመጠ። በዓለም የታወቀበት ሁለተኛው ነው፤ ዘዴው ጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ጉዳት ሊያመጣ አይገባም የሚለው። ስድስተኛውን የሚያነሣው ጥቂት ነው። ዘዴው ለመጠቀም ቀላል ይሁን፣ አእምሮ የሚያስጨንቅ ወይም ረጅም የሕግ ዝርዝር የሚያስሸመድድ አይሁን ይላል። ጦር ሜዳ ላይ ያለ ወታደር ከከበደው እንደማይጠቀምበት ገብቶታል።

መምህሩ፦ የቋንቋ መምህር! ሰዋስው ሲያስተምር ቆይቶ ነው የገባው፤ ተማሪ በቃሉ የማይይዘው ሕግ ሕግ እንዳልሆነ ያውቃል።

ባለሙያዋ፦ እኛ ግን ረስተነዋል። በአንድ የማውቀው መሥሪያ ቤት ሠራተኛው በየወሩ ፓስወርድ እንዲቀይር ይገደዳል። ምን ያደርጋል? የወሩን ስም ይጽፋል። መስከረም ላይ «መስከረም» ብሎ ቁጥር ይጨምርበታል፣ ጥቅምት ላይ «ጥቅምት» ብሎ። ወሩን ያወቀ ሁሉ ፓስወርዱን ያውቃል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም፣ ኒስት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር እንዲቀር መክሯል። ፓስወርዱ ይርዘም፣ ወጥቷል የሚል ማስረጃ ሲኖር ይቀየር ነው ያለው። ሰው ሲጨንቀው የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ራሱ ይሠራል፤ ያ ቀዳዳ ደግሞ ከሌባው ሥራ ይከፋል።

መምህሩ፦ እኔን ግን አንድ ነገር ላይ አታሳምኚኝም። ባለፈው ስልኬን በጣት አሻራ ቆልፈሽ ሄድሽ። ባለቤቴ ስልኬን ከፍታ ስታየው ኖራለች፤ አሁን «ምን የሚደበቅ ነገር መጣ?» ብላ ቅር አላት። እኔ ከቤተሰቤ የምደብቀው የለኝም።

ባለሙያዋ፦ የእሳቸው አሻራም ይጨመር፤ ስልኩ ከአንድ በላይ ይቀበላል። ለእሳቸው መዝጋት አልፈለግሁም። ግን ጋሼ፣ እርስዎ የሚደብቁት ባይኖርዎትም ስልክዎ ውስጥ ያለው ሁሉ የእርስዎ ነው?

መምህሩ፦ የማን ሊሆን ነው?

ባለሙያዋ፦ የድሮ ተማሪዎችዎ ይጽፉልዎታል። አንዷ ከቤይሩት ስለ አሠሪዎቿ ጻፈችልዎት ብለው ነግረውኛል፤ ምን እንዳለች አልነገሩኝም፣ አልጠየቅሁምም። ሌላው ስለ ትዳሩ ምክር ጠየቀዎት። እነዚህ ሰዎች ያመኑት እርስዎን ነው። ሕፃኑ የሚጫወትበትን ስልክ አላመኑም፣ የፕሪንት ቤቱን ኮምፒውተርም አላመኑም። የቤይሩቷ ልጅ መልእክት የማይገባው ሰው እጅ ቢገባ ሥራዋን ልታጣ ትችላለች።

መምህሩ፦ …ይህን እንዲህ አላየሁትም ነበር። እውነትሽን ነው። ደብዳቤ በወረቀት በነበረ ጊዜ ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ነበር የማስቀምጠው። ማንም ቅር አላለውም።

ባለሙያዋ፦ ለእሷ ሲክሬት ቻት ይክፈቱላት። ታብሌት ላይ አለማንበብዎ ብዙም አይጎዳዎትም። እሷንም ስለ ቁጥሯ ይንገሯት፤ የቴሌግራም አካውንቷ በሊባኖስ ሲም ከሆነ አገሯ ስትገባ ቁጥሩ ይቋረጥና ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ከመመለሷ በፊት ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር ትቀይረው፣ ከኤስኤምኤስ ኮዱ ሌላ የሚጠየቀውን ተጨማሪ ፓስወርድም ታብራበት። በኤስኤምኤስ የመጣውን ኮድ የሚጠይቃት ሰው ቢመጣ፣ የቅርብ ጓደኛዋ ስም እንኳ ቢሆን፣ አትስጥ።

መምህሩ፦ እነግራታለሁ። እሺ፣ አንቺ ራስሽ እንድቸገር የምትፈልጊበት ቦታ የለም?

ባለሙያዋ፦ አለ፤ ኢሜይሉ ላይ። ሌላው ፓስወርድ ሁሉ ሲጠፋ የሚታደሰው በእሱ ነው። እዚያ ላይ ከፓስወርድ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ጎግል ኦተንቲኬተር የሚባለው አፕ ኮዱን የሚያመነጨው ስልኩ ውስጥ ነው። ለብዙ ዓመት ስልኩ ከጠፋ ኮዱም አብሮ ይጠፋ ነበር፤ ሰው ከገዛ አካውንቱ ተቆልፎ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ወደ ጎግል አካውንት ሲንክ እንዲደረግ ተፈቀደ። ብዙ ሰው ተገላገለ፤ ነገር ግን አመጣጡ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምሥጠራ አልነበረውም፤ ተመራማሪዎችም ወዲያው ተቃወሙ። እኔ ለእርስዎ የማደርገው ሲንኩን ማጥፋት ነው። በምትኩ ጎግል የሚሰጣቸውን አሥር መጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት አውጥተን ከቤት ካርታው ጋር እናስቀምጣለን። እያንዳንዱ ስምንት አኃዝ ነው፣ አንዴ ብቻ ያገለግላል። ኢንተርኔት የማይደርስበት ነገር አንድ እንኳ ይኑርዎት።

መምህሩ፦ ካርታው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ባለቤቴ ጋ ነው።

ባለሙያዋ፦ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ቅር ያላቸውም ይሽርላቸዋል።

መምህሩ፦ አንድ ነገር ቀረኝ። ይህን ሁሉ ቆልፈሽ እኔ ብሞት ትርጉሙን ማን ያወጣዋል?

ባለሙያዋ፦ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ስላነሡት ደስ ብሎኛል። ጎግል ውስጥ የዚህ ማስተካከያ አለ። አካውንቱ ለመረጡት ጊዜ ያህል፣ ከ3 እስከ 18 ወር፣ ካልተነካ እርስዎ ለመረጡት ሰው ያሳውቃል። እስከ አሥር ሰው መምረጥ ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ምን እንደሚደርሰውም ለይተው ይወስናሉ።

መምህሩ፦ ሦስት ወር አጭር ነው፤ ታምሜ ተኝቼ ቢሆንስ? አሥራ ሁለት ወር አድርጊው። ትርጉሙ ላንቺ ይድረስሽ። ደብዳቤዎቹ ግን ለማንም አይሂዱ፣ ላንቺም ቢሆን።

ባለሙያዋ፦ ለእኔም ቢሆን። ከዝርዝሩ ላይ ጂሜይል የሚለውን ምልክት አነሣለሁ፤ ድራይቭ ብቻ ይቀራል። መጨረሻ ላይ አካውንቱ ይሰረዝ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

መምህሩ፦ ይሰረዝ። ትርጉሙን ለማውረድ ጊዜ ይኖርሻል?

ባለሙያዋ፦ ሦስት ወር ይሰጠኛል። ማንነቴን የሚያረጋግጠው ግን በስልክ ቁጥሬ ነው፤ ይኸው፣ እዚህ ጋ ያስገቡት።

መምህሩ፦ እንግዲያው ቁጥርሽን እንዳትቀይሪ።